ተዋቡ ሲለኝ

በናታንያ ባሕር ዳር፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣
አንሶላ አጣጥፋለሁ እስኪነጋ ሌሊት፤
ማሽኑ ሲሽከረከር፣ እንፋሎቱ ሲያፍን፣
ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ እገልጣለሁ መጽሐፌን።
ከፌርማታው መደርደሪያ ሰው ጥሎት ያነሣሁት፣
ዝናብ ያሳበጠው፣ በፕላስተር ያሰርኩት፤
ዋጋው ነጻ፣ ቋንቋው ዕብራይስጥ፣
ጣቴ ከመስመር መስመር የሚሄድበት፣ ቀስ እያለ እንደ ምስጥ።

አንዲት ሴት ከባቡር ትወርዳለች፣ የሌላ ሴት ሻንጣ ይዛ፣
ስሕተቷን ሳታውቅ፣ ሌሊቱን በጉዞ ደንዝዛ።
ጣቢያው ላይ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ቆሟል፣
በማታውቀው ስም ጠርቶ እጇን ይስማል።
«አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተች፣
ከኋላው ሁለት ሰዎች ሲያጮልቁ አየች፣
ቃሏን ዋጠችና ክንዱን ይዛ ሄደች።
ከዚያ ወዲያ ጥይት አለ፣ ጀልባ አለ፣ የተቆረጠ ስልክ፣
ከጓዳው ግድግዳ ላይ የዚያች የሌላዋ መልክ።
እሱም ይወዳታል። ማንን? እዚያ ጋ ነው ጉዱ፤
ከገዳዮቹ ይልቅ የሚያስፈራው መውደዱ።

ላሪሳ ትስቃለች ከማድረቂያው በኩል፦
«እንዴት አያውቃትም? ዕውር ነው ወይስ ጅል?
በድምፅ፣ በአረማመድ ሰው አይለይም ወይ?»
ዝም አልኳት። ምን ልበል? የእኔን ጉድ ሳታይ።

ያኔ ስንገባ፣ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ብዕር የያዘች ልጅ፣
አንጓች የሚለው ስም ምላሷን ቢያነቅፋት፣
ቆርጣ ጣለችና ጻፈችኝ «አናት»።
እናቴ ሰምታ ሣቀች፦ «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሸክም፣
አናት በአናት ላይ፣ ለአንገትሽ አይከብድም?»
ሣቋ አለቀ፤ እሷም አለቀች፤ ስሙ ቀረ፣
ከደመወዝ ወረቀቴ ላይ እየታተመ ኖረ።
ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ሠላሳ ዓመት አቤት አልኩ።

የመጽሐፏ ሴት ግን በሰው ስም ስትጠራ ልቧ ይመታል።
እሱን ነው የምወደው።
መሳሙን አይደለም፣ ሽጉጡንም አይደለም፤
«አይደለሁም» ከማለቷ በፊት ያለችውን አንዲት ትንፋሽ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከፈረቃ መልስ፣ ከናታንያ ወደ ሐዴራ፣
አንድ ሽበታም ሰው ከኋላ ወንበር ተጣራ፦
«ተዋቡ!»
ዞርኩ።
«የአምቦበሯ ተዋቡ! አንቺው ነሽ?» ብሎ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ቃሏ ጥርሴ ሥር ነበረች፤ አልወጣችም።
ተዋቡ ሲለኝ — ምን ላድርግ — ተዋብኩ።
ሻሼን አስተካከልኩ፤
ክሎር ክሎር የሚሸት እጄን ከመጽሐፉ ሥር ደበቅኩ።
ስለ ወንድሜ ጠየቀኝ። ወንድም የለኝም። «ደህና ነው» አልኩ።
ስለ ወንዙ ጠየቀኝ። «እሱማ እንዴት ይረሳል!» አልኩ።
የብርቱካኑ እርሻ በመስኮት ያልፋል፤
ልቤ ማድረቂያ ውስጥ እንደተረሳ ሳንቲም ይንቀጫቀጫል፤
አሁን ነው የሚይዘኝ፣ አሁን፣ ከዚህ መታጠፊያ በኋላ።

ክፋር ቪትኪን ስንደርስ ደወሉን ተጫነ፤
ከረጢቱን አንሥቶ ጎንበስ አለ፦
«ተዋቡ ከግራ ጆሮዋ ሥር ጠባሳ ነበራት።
ስትዞሪ አየሁ፤ የለም።
ጨዋታው ጣመኝና ዝም አልኩ። ለመሆኑ ማን ልበል?»

«አንጓች።»
አፌ ውስጥ ዝጎ ነበር፤ እንደ አሮጌ ቁልፍ እያንቋቋ ወጣ።
«አንጓች» አለ፣ አንዴ፣ ሳይሰብረው።
በሩ ተዘጋ።

ከመጽሐፉ መጨረሻ ሦስት ቅጠል የለም፤ ሰው ቀዶታል።
ላሪሳ ትጠይቀኛለች፦ «እሺ፣ አወቃት? ተጋቡ?»
የአንሶላውን ጫፍ ጫፍ ይዘናል፤
ስናጥፍ ትቀርበኛለች፣ ስንዘረጋ ትርቃለች።
«አወቃት» አልኳት።
«መቼ?»
«ያንን ጫፍ ያዢ፣ መሬት ነካብሽ።»